ቅመሺልኝ ያሉኝን ሁሉ ስጠጣ

ማታ ማታ ትራስ ካልደራረበች መተኛት የማይሆንላት እናት ቤታችሁ ካለች፣ ይቺን የኔን ነገር አንብቡላት። እኔ የተጎዳሁት የሚመክረኝ አጥቼ አይደለም፤ መካሪው በዝቶብኝ ነው። አስኳላ አልገባሁም፤ ፊደሉንም የለየሁት ልጆቼ ሲያጠኑ አጠገባቸው ጥጥ እየፈተልኩ ነው። ስለዚህ ነገሬ ወዲህ ወዲያ ቢልባችሁ ታገሡኝ፣ እመለሳለሁ።

ስሜ ትርፌ ነው። ቤታችን ኮልፌ፣ ከአስፋልቱ ወደ ላይ ዳገቱን ይዞ ነው። ባሌ ካረፈ ወዲህ የምኖረው ከታላቋ ልጄ ከሰናይት ጋር ነው። ሰናይት ግቢያችን በር ላይ ትንሽ ሱቅ አላት። ከኔ ተለይታ አድራ አታውቅም። ወንዱ ልጄ ታደለ ከጦር ኃይሎች ዓለም ባንክ ታክሲ ይነዳል፤ ቤቱም ወደዚያው ወደ ዓለም ባንክ ነው፣ ከሚስቱ ከለሊሴ ጋር። ለሊሴ የሰበታ ልጅ ናት፤ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ሕፃናት ትጠብቃለች። ሃይማኖቷ ጴንጤ ነው። ይህን የማነሳው ለሐሜት አይደለም፤ ነገሩ ውስጥ ስላለ ነው።

በሽታው የጀመረኝ በጫማ ነው። ጠዋት ልኬ የነበረው ጫማ ማታ አልወልቅ ይለኝ ጀመር። እኔም ጫማውን ወቀስኩ። «የዘንድሮ ጫማ ውሃ ሲነካው ይጨማደዳል» ብዬ ለጎረቤት ሰጠሁና ታደለ ሰፊ ገዛልኝ። እሱም ጠበበ። ቀጥሎ ዳገቱ ከበደኝ። ያንን ዳገት ስንት ዘመን ዘንቢል ይዤ ከሰው ጋር እያወራሁ ወጥቼዋለሁ። አሁን መሀሉ ላይ ስደርስ ትንፋሼ ቁርጥ ይላል። ደከማት እንዳልባል ሰው ያገኘሁ መስዬ እቆማለሁ፤ «እንዴት ዋላችሁ፣ ልጆቹ ደኅና ናቸው?» እላለሁ። ሰላም የምለው ሰው ሲጠፋ ደግሞ የሰው አጥር ቆሜ አያለሁ። አንድ ቀን ባለቤቱ ወጥቶ «እናቴ፣ ቤት ሊገዙ ነው?» አለኝ።

ከዚያ ሌሊቱ መጣ። በጀርባዬ ስጋደም ደረቴ ላይ ሰው የተቀመጠ ይመስለኛል። ብድግ ስል ይለቀኛል። ግድግዳ ተደግፌ ማደር ለመድኩ። ሰናይት እንዳትሰማኝ ሳሌን በነጠላዬ አፍናለሁ። እንቅልፍ ቢወስደኝ የማልነሳ እየመሰለኝ፣ ስማቸውን የማውቃቸውን ቅዱሳን ሁሉ ስጠራ ይነጋል። የታመመ ሰው መደበቅ ይወዳል። ለምን እንደሆነ እንጃ፤ ልጆቻችንን ከጭንቀት ያዳንን ይመስለናል።

ሰናይት ያወቀችብኝ አንሶላዬ ሳይጨማደድ ሲያድር አይታ ነው። በዚያው ጠዋት ክሊኒክ ወሰደችኝ። ደም ቀዱና ከወረፋ በኋላ ልጁ ወረቀቱን እያየ፣ «ማዘር፣ ታይፎይድም ታይፈስም አለብዎት» አለኝ።

«ሁለቱም?»

«ሁለቱም።»

«እግሬስ ለምን ያብጣል?»

«እሱ ከድካም ነው። አቅም ስላነሰዎት ግሉኮስ እንተክልልዎታለን።»

ግሉኮስ ሲባል ደስ አለኝ። በእኛ ሰፈር ግሉኮስ የተተከለለት ሰው ታከመ ይባላል፤ ክኒን ብቻ ይዞ የወጣ ግን «ምንም አላደረጉለትም» ነው የሚባለው። ያ የተንጠለጠለው ውሃ ጠብ ጠብ እያለ እጄ ውስጥ ገባ። በማግስቱ እግሬ ቆዳው እስኪያብረቀርቅ ተነፋ። ጎረቤቶች «መድኃኒቱ በሽታውን እያወጣው ነው» አሉኝ። እኔም አመንኩ።

ሁለተኛው ክሊኒክ አስም ነው ብሎ አፍ ላይ የሚነፋ መድኃኒት ሰጠኝ። ሰፈሩም ተስማማ፤ አንዱ «የቆሼ ጭስ ነው»፣ ሌላው «የምድጃ ጭስ ነው» አለ። እየነፋሁ ከረምኩ። ምንም። በመጨረሻ ታደለ ታክሲውን አቁሞ፣ ተሸክሞ ለማለት ጥቂት ሲቀረው፣ ትልቅ የመንግሥት ሆስፒታል አስገባኝ። ኮሪደር ላይ አግዳሚ ወንበር ይዘን ውለናል። አንዷ ልጇን አቅፋ ታለቅሳለች፣ አንዱ ሽማግሌ ተራው ሲጠራ ተኝቶ ያልፈዋል፤ ሁላችንም «አባባ! አባባ!» እያልን እንቀሰቅሰዋለን። የሰው ተራ እንዳይዘለል የምንጠባበቅ ሆነን ነበር። በሽተኛ ከበሽተኛ ጋር ሲቀመጥ ዘመድ ነው።

ያየችኝ ዶክተር ገና ልጅ እግር ናት። ደም ከመቅዳቷ በፊት ቅልጥሜን በአውራ ጣቷ ጫን አደረገችው። ጣቷን ስታነሳ ጉድጓዱ እንደ ሊጥ ቀረ። ከዚያ፣ «እናቴ፣ ማታ ስንት ትራስ ይደራርባሉ?» አለችኝ።

ይህን እስከዚያ ቀን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። እንባዬ መጣ። ሰናይት ቀድማ፣ «ተኝታ አታድርም፣ ተቀምጣ ነው የምታድረው» አለቻት።

የልብ አልትራሳውንድ ተነሣሁ። ሆስፒታሉ ውስጥ ማሽኑ ስለማይሠራ ውጭ ነው ያሠራነው፤ ያን ሰሞን የሰናይት ሱቅ መደርደሪያ ባዶውን ነበር። ውጤቱ የልብ ድካም ነው ተባለ። እኔ ልብ ድካም ሲባል ድንገት ወድቆ መሞት ነበር የሚመስለኝ። ዶክተሯ አስረዳችኝ፦ ልብ ደም የሚገፋ ፓምፕ ነው፤ ሲደክም መግፋቱን ያቅተዋል፤ ያን ጊዜ ውሃው እግር ላይ ይተኛል፣ አልፎም ሳንባ ውስጥ ይገባል። ግሉኮሱ የጎዳኝም ውሃ በውሃ ላይ ስለጨመረብኝ ኖሯል። አልጋ ሲገኝ አስተኙኝ።

የሆስፒታሉ ሕግ እንዲህ ነው። ለአንድ በሽተኛ አንድ አስታማሚ፤ እሷም ካርድ አንገቷ ላይ ታንጠለጥላለች። ጠያቂ ምሳ ሰዓት ላይና አመሻሹ ላይ ጥቂት ጊዜ ይገባል፣ ደወል ሲደወል ይወጣል። ካርዱን ሰናይት ያዘች። ዶክተሯ አልጋዬ ጎን ቆማ ነገረቻት፦ ጨው የለም። ውሃ በልክ ነው፤ በቀን አንድ ሊትር፣ ከዚያ በላይ አይሆንም። ሾርባውም፣ ሻዩም፣ አጥሚቱም እንደ ውሃ ይቆጠራል። ሰናይት ሰምታለች። እኔም ሰምቻለሁ። አልሰማንም ብንል እግዚአብሔር ይታዘበናል።

ግን ጠያቂ መጣ።

እኔ ስንት ዘመን የታመመ ስጠይቅ የኖርኩ ሴት ነኝ። በዕድራችን የኔ ፔርሙዝ ያልደረሰበት ሆስፒታል የለም። ታዲያ እኔ ስታመም ሰፈሩ ሊቀር ኖሯል? ሁለት ሁለት ሰው ብቻ ይግባ ይባላል፤ ሴቶቹ ግን ብልሃት አያጡም። ገብቶ የወጣው የመጠየቂያ ካርዱን በአጥሩ ቀዳዳ ውጭ ለቆመው ያቀብላል። አልጋዬ እንደ ሠርግ ቤት ተከበበ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ጠያቂ የበዛላት ሴት የተከበረች ናት። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሌሎቹ በሽተኞች ሲያዩኝ አንገቴን ቀና አድርጌያለሁ።

ከሁሉም ፊት የምትመጣው አስካለ ናት፤ አጥር ለአጥር ጎረቤቴ። የአጥሚት ፔርሙዟን ከፈተች።

«ሐኪሟ ውሃ በልክ ነው ብላኛለች፣ አስኩ።»

«ውሃ ማን አመጣብሽ? አጥሚት እኮ ነው! እህል ነው!»

«እሱም ይቆጠራል አለች።»

«እሷ መቼ አጥሚት ታውቃለች፣ በጁስ ያደገች! በሞቴ ቅመሺልኝ። ከእጄ ሳትቀምሺ ብወጣ ቅር ይለኛል።»

ሰናይትን አየኋት። «ትንሽ ቅመሺላት እማዬ፤ ያን ሁሉ መንገድ ተሸክማ መጥታ» አለችኝ።

ቀመስኩላት። የአስካለን ቀምሼ የሌላዋን ሾርባ እንዴት እንቢ እላለሁ? የሾርባዋን ጠጥቼ የብርዟን እንዴት እመልሳለሁ? ጸበልም መጣ። ጸበል ደግሞ ልክ አለው ተብሎ በጉንጭ ይሰፈራል እንዴ? ለሁሉም ትንሽ ትንሽ አልኩላቸው። ትንሿ ግን ከየሰዉ ነው የምትመጣው። ምሳ ላይ እንዲሁ፣ አመሻሽ ላይ እንዲሁ። እኔ ሰው እንዳይከፋው ብዬ እጠጣለሁ፤ እነሱ ግን ሲሰናበቱኝ «ፊቷ ሞላ፣ ተሻላት!» እያሉ ይወጣሉ። ፊቴ የሞላው በውሃ ነበር።

አንድ አመሻሽ ደወሉ ተደውሎ ጠያቂው ሲወጣ፣ ሰናይት ትራሴን ልታስተካክል ጎንበስ አለች። ያን ጊዜ ከውስጤ የሆነ ነገር ወደ ላይ ይሞላ ጀመር። ወንዝ ውስጥ እንደ ገባ ሰው አየር ስስብ አየር የለም። አፌ አረፋ ደፈቀ፣ ቀይ ያለበት አረፋ። ሰናይት «እናቴን! እናቴን!» እያለች ስትጮህ ይሰማኛል፣ መልስ መስጠት ግን አልቻልኩም። ነርሶቹ ሮጠው መጡ። አፍንጫዬ ላይ ኦክስጅን አደረጉ፣ ውሃ የሚያወርድ መርፌ ደጋግመው ወጉኝ። በዚያች ሰዓት ያሰብኩት ነገር ቢኖር ነጠላዬ ወድቋል፣ ማን ያነሣልኝ የሚል ነው። ሰው ሲሞት ትልቅ ነገር የሚያስብ ይመስለኝ ነበር።

ትንፋሼ ሲመለስ ሲስተሯ ከአልጋዬ ሥር የተደረደሩትን ፔርሙዞች አየች። አንዱን አንሥታ ነቀነቀችው። ባዶ ነው። ሌላውንም። «ይህን ሁሉ ማን ነው ያጠጣት?» አለች። ሰናይት መሬት መሬት አየች። እኔም ዓይኔን ጨፈንኩ።

በማግስቱ ዶክተሯ መጣች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይቀለኝ ነበር። ሳንባዬ ዳግመኛ እንዲህ ከሞላ መመለሴ እንደሚያጠራጥር ነገረችን። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለእኔ ጠያቂ ተከለከለ። አንድ አስታማሚ ብቻ ትኖረኛለች፣ የምትቀያየር ሳትሆን አንድ፣ ውሃውም በእሷ እጅ ይሆናል።

«ማን ትሁን እናቴ? ሊከለክልዎት የሚችል ሰው ማን አለ?» አለችኝ።

ሰናይት የአልጋዬን ብረት ይዛ ቆማለች። ካርዱ አንገቷ ላይ ነው። ይቺ ልጅ እኔን ብላ ትዳር አልያዘችም። ስተኛ እግሬን ታሻለች፣ ስነሣ ጫማዬን ታቀርባለች። ነገር ግን አንድ ቀን እንኳ «አይሆንም» ብላኝ አታውቅም። ብትለኝም ፊቴን አይታ ትመለሳለች። ለሊሴን ደግሞ መዋዕለ ሕፃናቷ በር ላይ አይቻት አውቃለሁ። አንድ ሕፃን ከረሜላ ብሎ መሬት ላይ ይንከባለላል። እሷ አጠገቡ ቁጭ ብላ፣ ሳትቆጣ፣ ሳታባብል፣ «አይሆንም» ትለዋለች። ሲደክመው ተነሥቶ እጇን ያዘ። ይህ ነው ትዝ ያለኝ።

«ለሊሴ ትሁን» አልኩ።

ሰናይት ወደ እኔ ዞራ፣ «ለሊሴ? እኔ እያለሁ?» አለች።

«ልጄ፣ አንቺ እኮ…»

«ገድለሽኝ ነበር በይኛ እማዬ! እሱን በይ!»

«እንዲያ አላልኩም።»

«ስትሞቺ የማን እጅ ላይ ልትሞቺ ነው? ጸበል በማታውቅ ሴት እጅ ላይ?» ካርዱን ከአንገቷ አውልቃ እግሬ ሥር አስቀመጠችው። በሩ ጋ ስትደርስ ተመልሳ የወደቀ ነጠላዬን አንሥታ ትከሻዬ ላይ አደረገችና ሳታየኝ ወጣች።

እዚያ ሆስፒታል ብዙ ተወግቻለሁ፤ እንደዚያ ያመመኝ ግን የለም።

ለሊሴ ከሥራዋ ፈቃድ ወስዳ መጣች። መጀመሪያ የሠራችው ፔርሙዞቹን አጥባ ለታደለ ሰጥታ መስደድ ነው። ጠዋት ጠዋት የቀኑን ውሃ በአንድ ጠርሙስ ትሞላና ፊቴ ታስቀምጠዋለች። ሾርባ የጠጣሁ እንደሆነ የዚያን ያህል ከጠርሙሱ ትቀንሳለች።

«እማዬ፣ የዛሬው ይሄ ነው። እንዴት እንደምንጨርሰው እርስዎ ይዘዙ።»

ማዘዝ ቀላል መስሎኝ ነበር። ጥም ክፉ ነው፤ ከረሃብ ይብሳል። ቀትር ሳይደርስ ምላሴ እንደ ቆዳ ይደርቃል። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ ረገምኳት ማለት ይቀላል።

«አንድ ጉንጭ ብቻ! የሰው ልጅ አይደለሽም?»

«አይሆንም እማዬ።»

«በታደለ ሞት!»

«ታደለ አይሞትም። አፍዎትን ላርጥብልዎት?» ጥጥ ነክራ ከንፈሬን ታብስልኛለች።

«የወህኒ ዘበኛ ነሽ አንቺ።»

«እርስዎም የአጸደ ሕፃናት ልጅ ሆነዋል። እነሱ ግን ቶሎ ነው የሚተዉት።»

ሳልወድ ያስቀኛል። ከዚያ በኦሮምኛ ቀስ ብላ እያንጎራጎረች እግሬን ከፍ አድርጋ ታስቀምጠዋለች። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ነው የምታንጎራጉረው። ለምን እንደምትዞር ያን ጊዜ አልገባኝም።

መስኮቱ ወደ ግቢው ያያል። መግባት የተከለከለ ዘመድ ሁሉ እዚያ ቆሞ አንገቱን አንጋጦ ይጠብቃል። ከእነሱ መሀል ሰናይት አለች። ክረምት ነበር፤ ጃንጥላዋን ይዛ ውሃ ማጠራቀሚያው ጎን ትቆማለች። ለሊሴ ደግፋ መስኮቱ ጋ ታደርሰኝና ወደ ኋላ ትላለች፣ እንዳትታያት። ስልክ እንደዋወላለን።

«እማዬ፣ እታይሻለሁ?»

«አየሁሽ የኔ እናት። እግርሽ አልረጠበም?»

«እኔን ተዪኝ። ከስተሻል።»

«ውሃው እየወረደ ነው እንጂ አልከሳሁም። ለሊሴ…»

የለሊሴን ስም ስጠራ ስልኩ ይዘጋል። ግን ከቦታዋ አትንቀሳቀስም፤ ያለ ስልክ ቆማ ታየኛለች። በሩ ላይ ለለሊሴ እንዲያቀብላት ለታደለ በየቀኑ ጸበል ትሰጠዋለች፣ «አደራ፣ ያቺ ሴት እንዳትደፋው» እያለች። ታደለ ሁለቱ መሀል ገብቶ፣ «እኔስ ከታክሲ ተራ አስከባሪ ጋር መጣላት ይሻለኛል» ይል ነበር።

አሁን ስለ አጠገቤ አልጋ ሴትዮ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ከገጠር የመጣች፣ እናኑ የምትባል፣ በኔ ዕድሜ ያለች ሴት ናት። አስታማሚ የላትም። ያመጣት ወንድሟ ከብቱን ሊያይ ተመልሶ ሄዷል። ለሊሴ እኔን አጥባ እሷን ታጥባት ነበር። አንድ ቀን ጠዋት እናኑ ዓይኗ በሩ ላይ ተተክሎ «ወንድሜ መጥቷል፣ እዚህ ነው» ትል ጀመር። ቅዠት መስሎን እጇን ይዤ «እሺ፣ ይመጣል» እላታለሁ። ከቀትር በፊት አረፈች። የጠያቂ ሰዓት ሲደርስ ሰውየው አቧራ እንደለበሰ በሩ ላይ ቆመ። ለካ ከማለዳ ጀምሮ ውጭው በር ላይ ተቀምጦ ነበር። «ሰዓቱ አልደረሰም» ብለውታል፤ እሱም «እሺ ጌታዬ» ብሎ ተቀመጠ። እንዲያው የመንግሥት ቦታ ነውና አልተከራከረም።

ሕጉ እኔን አድኖኛል፤ አልክድም። ያን ሰው ግን እህቱን ነፍሷ ሳለ እንዳያያት ያደረገውም ያው ሕግ ነው። እንግዲህ በር ላይ የምትቆሙ ልጆቼ፣ ሰዓቱን ጠብቁ፣ ግን ከየት መጣህ፣ ማን ታሞብህ ነው ብላችሁ ጠይቁ። ዘመዶችም ብትሆኑ፣ በሽተኛችሁ ከጸናበት ለሲስተሯ ንገሩ፤ እሺ ብላችሁ ብቻ አትቀመጡ። ይህን ለእናኑ ነፍስ ስል ነው የጻፍኩት።

ከእናኑ ሞት በኋላ ፈራሁ። የምሞት ከሆነ ጸበል ሳልቀምስ እንዳልሄድ ብዬ ለለሊሴ ነገርኳት። ትከለክለኛለች ብዬ ነበር። የቀኑን ውሃ ስትሞላ ግን ጠርሙሱን ጎደል አድርጋ ያዘችው። ታደለ ካመጣው ጸበል የጎደለውን ያህል ኩባያ ላይ ቀዳች።

«ጠዋት መጀመሪያ ይሄን ይጠጣሉ። ከልኩ ውስጥ ነው ግን፣ ተጨማሪ አይደለም።»

«አንቺ እኮ አታምኚበትም፣ ልጄ።»

«እርስዎ ያምናሉ እማዬ። ልኩ ግን ልኩ ነው።»

በየማለዳው በስመ አብ ብዬ እስክጨርስ ኩባያውን ይዛ ቆማ ትጠብቀኛለች። እሷም በልቧ የራሷን ጸሎት ታደርሳለች መሰለኝ፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል።

ውሃው ወረደ። መጀመሪያ የቁርጭምጭሚቴ አጥንት ወጣ፤ እንደ ጠፋ ሰው ነው ያየሁት። ቀጥሎ ሁለት ትራስ፣ ከዚያ አንድ። በጀርባዬ ተኝቼ ያደርኩ ዕለት ጠዋት ስነሣ ለሊሴ ወንበሯ ላይ ቁጭ ብላ እያየችኝ ነበር። «እየተነፈሱ እንደሆነ እያየሁ ነው ያደርኩት» አለች።

ፈቃዷ አለቀ። ከሆስፒታል ለመውጣት ግን ገና ነበርኩ። ዶክተሯ አስታማሚዬ እንድትቀየር ፈቀደችና ታደለ ሰናይትን ጠራት። ሰናይት ገባች። አልቅሳ ሳመችኝ፣ እግሬን ዳበሰች፣ ከዚያ ለሊሴን ቀና ብላ አየቻት።

«የላክሁት ጸበል የት ደረሰ? ደፋሽው አይደል?»

ለሊሴ ኩባያዋን ብቻ ካቢኔው ላይ አስቀመጠች።

«ሰናይት፣» አልኳት፣ «ጠዋት ጠዋት አፌ የሚፈታው በጸበል ነው። የምትቀዳልኝ እሷ ናት። ከቀኑ ውሃ ላይ ቀንሳ ነው የምታጠጣኝ፤ ጸበሉም እንዳይቀርብኝ፣ ውሃውም እንዳይገለኝ።»

ሰናይት የእናኑ ባዶ አልጋ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። ይቅርታ አልጠየቀችም፣ በእኛ ቤት ቶሎ አይጠየቅም። በኋላ በቀስታ፣ «እንዴት ነው የምትከለክያት? እኔኮ ፊቷን ሳይ አልችልም» አለቻት።

«እኔስ እችላለሁ እንዴ?» አለች ለሊሴ። «ወደ መስኮት ነው የምዞረው። ሲለምኑሽ ፊታቸውን አትዪ፤ ከንፈራቸውን አርጥቢላቸው። ካለቀስሽም እዚያ ዞረሽ አልቅሺ።»

ካርዱን ከአንገቷ አውልቃ በሰናይት አንገት ላይ አጠለቀችላት። ሰናይት ተነሥታ እስከ ደረጃው ሸኘቻት። ሲወጡ አየኋቸው፤ የለሊሴን ቦርሳ ሰናይት ይዛላት ነበር።

ዛሬ ቤቴ ነኝ። ክኒኔን ሳላዛንፍ እውጣለሁ፣ ጨው ትቻለሁ፣ ጠዋት ጠዋት እመዘናለሁ፤ ክብደቴ ድንገት ከጨመረ ውሃ ነውና ሳልውል ሳላድር ሐኪም ጋ እሄዳለሁ። ጠያቂም ይመጣል፤ አስካለ አሁን ባዶ እጇን መጥታ ታወራኛለች፣ መጀመሪያ ላይ እጇን የት እንደምታስቀምጠው ጠፍቷት ነበር። ነገር ግን መቼ ዳንሽ ብትሉኝ፣ ከሆስፒታል የወጣሁበትን ቀን አልነግራችሁም።

ለሊሴ የሄደች ዕለት ከሰዓት በኋላ ነው። ጥሙ በረታ። የቀኑ ውሃ ሊያልቅ ትንሽ ቀርቶታል፣ ለክኒኑ የሚሆን። ሰናይት ጠርሙሱን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች።

«ሰንዬ፣» አልኳት፣ «አንድ ጉንጭ ብቻ ስጪኝ።»

ተነሣች። ክዳኑን ያዘችው። ፈራሁ፤ የምትሰጠኝ መሰለኝ። ልቤ እንዳትሰጠኝ ይመኛል፣ አፌ ደግሞ ይለምናታል።

«በሞቴ» አልኳት።

ጠርሙሱን አስቀመጠችው። ጥጥ ነክራ ከንፈሬን አበሰችልኝ፣ ቀስ አድርጋ፣ ዳር እስከ ዳር። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞረች። ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ ነበር።

«አይሆንም እማዬ» አለችኝ፣ ሳትዞር።